ከጌሙ ግድግዳ ጀርባ የነበረው ቤት

ይህን ታሪክ ለብዙ ሰው አላወራሁትም። ያወራኋቸውም ግማሹን እንደሰሙ «ለጌም ነው ይሄ ሁሉ?» ብለው ስለሚስቁ፣ የቀረውን ግማሽ ለራሴ እያስቀረሁ ኖሬያለሁ። ዛሬ ሙሉውን ልንገራችሁ። መሳቅ ካለባችሁ ስጨርስ ሳቁ።

ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ጥቂት ዓመት ሲቀራቸው ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ነው። አባቴ የጎጃም ሰው ነው፤ በወጣትነቱ በግብርና መሥሪያ ቤት ተመድቦ መጣና እዚያው ቀረ። እናቴ ያረፈችው ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ቤቱ የእኔና የአባባ ብቻ ሆነ። አባባ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር፤ ዘርና ማዳበሪያ ይረከባል፣ ያስረክባል። ዝምተኛ ሰው ነው። አፉን የሚፈታው ስለ እኔ ሲያወራ ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ምህንድስና ልማር ከገባሁበት ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ሁሉ አስቁሞ «ኢንጂነሯ ልጄ ናት» ይላል።

እኔ ግን በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ከትምህርት ቤቱ ተባርሬ ነበር። ውጤቴ አልበቃም። የስንብት ደብዳቤውን አጣጥፌ ቦርሳዬ ገበር ውስጥ ሰፋሁትና ክረምቱን ልታርፍ እንደመጣች ልጅ ቤት ገባሁ። በየቀኑ «ነገ እነግረዋለሁ» እላለሁ። ነገ ይመጣል፤ አባባ ከሥራ ሲገባ ሙዝ ወይም አምባሻ ይዞልኝ ይገባል፤ አፌ ይያዛል።

ከደብዳቤው ሌላ ይዤ የመጣሁት አንድ ነገር ቢኖር ጌሟን ነበር። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ አክስት ከውጭ ያመጣችላት ናት። ስንለያይ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰችና እጄ ላይ አኖረችልኝ፤ ራስሽ ተመልሰሽ ነው የምታመጪልኝ አለችኝ። መዳፍ የምታህል ግራጫ ሳጥን ናት። አረንጓዴ የሚመስል መስታወት፣ ከሥሩ አራት ቁልፍና አንድ መስቀለኛ መሪ አላት። የራሷ መብራት ስለሌላት የምትታየው በቀን ብርሃን ነው። በውስጧ የጣት ጥፍር የማያህል መንገደኛ ወንዝ እየተሻገረ፣ ዋሻ ለዋሻ እየዞረ ፍሬ ይለቅማል። የለቀመው ፍሬ ከረጢቱ ውስጥ በቁጥር ይቀመጥለታል።

ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ የአባያ ሐይቅ ከታች ሻይ መስሎ ተኝቶ ሳለ፣ እጄ ተሳሳተ። መንገደኛው ከአንዱ ሥዕል ጠርዝ ወደ ሌላው ሲሻገር መስታወቱ ላይ ያለው ሥዕል ለአንድ ጥቅሻ ያህል ይንሸራተታል። በዚያች ጥቅሻ መሃል ከረጢቱን የሚከፍተውን ቁልፍ ነካሁ። መንገደኛው በሩን ትቶ በግድግዳው ውስጥ አለፈ። ከግድግዳው ወዲያ ያለው አገር ሌላ ነበር። የተቆራረጠ፣ የተደበላለቀ፤ ግማሽ ፊደል፣ ግማሽ ቅጠል፣ ውኃ የመሰለ ነገር ሽቅብ የቆመበት። ሙዚቃው እንኳ በሩቅ የሚሰማ ይመስላል። የሰው ዕቃ አበላሸሁ ብዬ ደነገጥኩና አጠፋኋት። መልሼ ሳበራት ምንም አልሆነችም። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ወደዚያ መሄድ ጀመርኩ። ከዋሻዎቹ ይልቅ እሱን ወደድኩት። ማንም የማያውቀኝ፣ ማንም ኢንጂነር የማይለኝ አገር ነበር።

ነሐሴ ገባ። በፍልሰታ ጾም አጋማሽ አባባ ለደጋ ገበሬዎች የሚከፋፈል የድንች ዘር በመሥሪያ ቤቱ መኪና ወደ ገረሴ ሊያደርስ ሆነና አብረን እንሂድ አለኝ። እዚያ የድሮ ወዳጁ ጋሽ አንጁሎ አለ፤ ሸማኔ ነው። እኔን ሊያሳየው እንደፈለገ ገብቶኛል። መኪናው ዳገቱን እየተጠማዘዘ ሲወጣ፣ ሾፌሩ በአንድ ጎን እኔ በሌላው ጎን ሆነን፣ አባባ በመሃል ተቀምጦ አንድ ነገር ተናገረ። መስከረም ላይ ለሥራ ጉዳይ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ከእኔ ጋር ይሄድና አስተማሪዎቼን አንድ በአንድ ሰላም ይላል፤ ለዚሁ ብሎ ማር አዟል። እኔ መስኮቱን እያየሁ «እሺ» አልኩ።

ገረሴ ስንደርስ ጉሙ ቀድሞን ደርሶ ነበር። ዘሩ ሲራገፍ ዝናቡ ወረደ። ልንመለስ ስንል ሾፌሩ ፊቱ ተለውጦ መጣ፤ ከከተማው በታች መሬት ተንዶ መንገዱን ቆርጦታል፤ ሕዝቡ ወጥቶ እስኪጠርግ ሁለት ሦስት ቀን መጠበቅ ነው። ሾፌሩ ዘመዶቹ ቤት ሄደ። እኛ ጋሽ አንጁሎ ጋ ገባን።

ጋሽ አንጁሎ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ብዙ ዓመት ሸማ ሠርቶ፣ አባቱ ሲሞት ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ነው። አማርኛው ጥሩ ነው፤ ሴትን ግን እንደ ወንድ ይጠራል። «ና ግባ፣ ኢንጂነር» ብሎ ነው የተቀበለኝ። ባለቤቱ እትዬ አማረች አማርኛ ብዙም አትችልም፤ እሷ በፈገግታና በትኩስ ድንች ነበር የምታናግረኝ። ቤታቸው ከቀርከሃ የተጠለፈ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው። በሩ አጠገብ የሸማ መሥሪያው ጉድጓድ አለ፤ ጋሽ አንጁሎ እግሩን እዚያ ሰዶ ቀኑን ሙሉ መወርወሪያውን ወዲህና ወዲያ ይወረውራል። ጉሙ በሩ ሥር እየገባ ድሩ ላይ ይተኛል። እሱ በእጁ ጠረግ ያደርገውና ይቀጥላል።

በማግሥቱ ጠዋት ብርሃን ፍለጋ ከበሩ ሥር፣ ከሱ ጎን ተቀመጥኩና ጌሟን አወጣሁ። ጋሽ አንጁሎ ምንድነው ብሎ ጠየቀ። አባባ ከምድጃው አጠገብ ሆኖ ቀደመኝ፤ የኢንጂነሮች ነገር ነው፣ አንተና እኔ አይገባንም አለው። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። መንገደኛውን፣ ወንዙን፣ ፍሬውን አሳየሁት። በትህትና አየና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ የዚህ አገር ዳር የት ነው?

ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ለማንም ያላሳየሁትን አሳየሁት። ጠርዙ ላይ ወሰድኩት፣ ቁልፏን በጥቅሻዋ መሃል ነካሁ፣ ግድግዳውን አለፍን።

ጋሽ አንጁሎ መወርወሪያውን አስቀመጠ። መስታወቷን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ብርሃኑ አዘነበላት። እኔ ተበላሽቶ ነው ልለው ስል እሱ ቀደመኝ።

«ይህ የተበላሸ አይደለም» አለ። «እየው፣ ይህ የበሩ ራስ ነው። ይህ የዛፍ እግር። ይህ ውኃ። ሁሉም እዚያ ያየነው ነው። ሥዕሉ ደህና ነው፤ ቦታውን ነው የሳተው።»

ተጎንብሼ አየሁ። አንድ ወር ሙሉ በየቀኑ ስመላለስበት ያላየሁት ነገር ነበር። የተደበላለቀው ሁሉ ከጌሙ ከራሱ የተቆረጡ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ነበሩ። እሱ ጥለት ሲሠራ ክር የሚቆጥር ሰው ስለሆነ፣ ዓይኑ ቁራጩን ከነመጣበት ቦታ ያውቀዋል።

ተመልሰን ወጣን። መንገደኛውን አንድ ፍሬ አበላሁትና እንደገና ገባን። ጋሽ አንጁሎ ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳረፈ። ቅድም በሦስተኛው ረድፍ እዚህ ጋ የዛፍ እግር ነበር፤ አሁን ግን የለም አለ። አላመንኩትም። እንደገና ወጥተን ሌላ ፍሬ ጣልን፤ እውነቱን ነው፣ ያችው አንድ ቁራጭ እንደገና ተለወጠች። የትኛውን ቁልፍ ነካህ ብሎ ጠየቀኝ። ከፍሬው በቀር ምንም አልነካሁም። ተያየን።

እዚህ ላይ የሆነብኝን በደንብ ልንገራችሁ። ፈተና ላይ ከጣሉኝ ትምህርቶች አንዱ መሣሪያ ነገሮችን እንዴት እንደሚያስታውስ የሚያስተምር ነበር። አስተማሪው በሰሌዳው ላይ ረጃጅም የሣጥን ረድፍ ይሥል ነበር፤ በየሣጥኑ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ፊደል ይሁን፣ ሥዕል ይሁን፣ ብዛት ይሁን ራሱ ቁጥሩ አያውቅም፤ የሚያነበው ነው የሚወስነው። ይህን ቃል በቃል ሸምድጄ ነበር፤ አንዲትም ነገር ግን አልገባኝም። በዚያች ጠዋት፣ በገረሴ ጉም ውስጥ፣ ገባኝ። ከግድግዳው ወዲያ የተሠራ አገር የለም። ጌሟ ግን ባዶ ነው ማለት አትችልም፤ ስለዚህ ያገኘችውን ሣጥን ሁሉ እንደ አገር ታነበዋለች። የፍሬዬን ብዛት ግድግዳ ብላ ታነበዋለች። ፍሬ ስጥል ግድግዳ እየቀየርኩ ነው።

ይህን ለጋሽ አንጁሎ ስነግረው ምንም አልተደነቀም። የድሩን ቁጥር የሳተ ሸማኔ አበባ ልሥራ ብሎ ሌላ ነገር እንደሚወጣለት ነገረኝ። ከዚያ ከክር ቅርጫቱ ጥቁርና ቀይ ክር መዘዘ። በጥቁሩ እርምጃ፣ በቀዩ ፍሬ እየቋጠረ መመዝገብ ጀመረ። እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ይቋጥራል። ከረጢቱ ውስጥ ሃያ ሦስት ፍሬ ሲኖር ግድግዳ፣ በሃያ አራት ውኃ፣ በሃያ አምስት እንደገና ግድግዳ። ውኃው ያሳልፋል፤ ከውኃው ወዲያ ሌላ ክፍል አለ፤ እዚያም ሌላ ቁራጭ በፍሬው ቁጥር ይለዋወጣል። የት እንደምንሄድ አናውቅም ነበር። ቀኑ እንዴት እንዳለፈም አላውቅም። ከቤቱ ውጭ ጉም፣ ከመስታወቱ ውስጥ ጉም፤ አንዳንዴ የትኛው ውስጥ እንደተቀመጥኩ ይጠፋኝ ነበር። እትዬ አማረች ድንችና ማባያ ዳጣ አጠገቤ አስቀምጣ ትሄዳለች፤ ሳየው ቀዝቅዟል።

አባባ መንገዱን ሊያይ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ዳዊቱን ይደግማል። አልፎ አልፎ ቀና ብሎ ያየናል። ለጋሽ አንጁሎ ቀስ ብሎ፣ እኔ የማልሰማ መስሎት፣ «እኔ የማላውቀውን አገር አወቀች» ሲለው ሰማሁት። የዚያን ቀን ካወራው ሁሉ የበለጠ ያመመኝ እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ መስታወቱ መደብዘዝ ጀመረ። የጌሟ አራት ትናንሽ የባትሪ ድንጋዮች እያለቁ ነበር። ገረሴ ሱቅ እንደነሱ ያለ ትንሽ ድንጋይ የለም። ጋሽ አንጁሎ ተነሣና ሬዲዮውን አወረደ፤ አራት ትልልቅ ድንጋይ አወጣ። እንዲህ አይገቡም አልኩት። ከዚያ ግን አሰብኩ፤ ትልቅም ትንሽም ጉልበታቸው ያው አንድ ነው፣ ትልቁ የሚለየው በመቆየት ብቻ ነው። ቀርከሃ ለሁለት ሰንጥቆልኝ፣ አራቱን ድንጋይ ጫፍ ለጫፍ ገጥመን እንደ ጀልባ አስተኛናቸውና በክር ጠፈርናቸው። የአሮጌ ሽቦ ልባስ በጥርሴ ልጬ ከሁለቱ ጫፍ ወደ ጌሟ ሆድ ሳብኩ። መስታወቱ በራ። ጋሽ አንጁሎ ያለ ሬዲዮ አመሸ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ በአርባ አንድ ፍሬ፣ ከአምስተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ሙሉ በር ወጣ። ቁርጥራጭ አልነበረም፤ ራሱም እግሩም ያለው፣ የተስተካከለ በር። ጋሽ አንጁሎ ቀዩን ክር ቋጠረና ያዘው። ገባሁ።

ሙዚቃው ቆመ። ክፍሉ ጸጥ ያለ፣ ንጹሕ ነበር። እዚህ የተደበላለቀ ነገር የለም። መሃሉ ላይ አንድ ቤት ቆሟል፤ ግድግዳው ተሠርቷል፣ ጣሪያ የለውም። አጠገቡ ግማሽ ዛፍ። ከቤቱ ፊት አንድ ድንጋይ። መንገደኛውን ወደ ድንጋዩ አስጠጋሁትና ቁልፉን ተጫንኩ። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ፤ ፊደል በፊደል፣ ቀስ እያለ።

ጋሽ አንጁሎ ምን ይላል አለኝ። እያነበብኩ ተረጎምኩለት።

«ይህ ቤት አላለቀም። ቀኑ ደረሰብን። ልናፈርሰው አልጨከንም፤ ግድግዳ ሠርተን ሸፈንነው። እዚህ ከደረስክ ግን እውነቱን እወቅ፤ ሦስት ነበርን፣ ደክሞን ነበር፣ አቃተን።»

«አቃተን» የምትለዋ ላይ ድምፄ ተቆረጠ። አባባ ከምድጃው ሥር ምን ሆንሽ አለ። ዞር ብዬ አየሁት፤ ዳዊቱ ጉልበቱ ላይ ነው፤ መነጽሩ ጭስ ለብሷል።

«አባባ፣ ተባርሬያለሁ» አልኩት። «ሰኔ ላይ። ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ኢንጂነር አይደለሁም።»

አባባ አልጮኸም። ዳዊቱን ዘጋ፣ በማኅደሩ ከተተ፣ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። ጋቢውን አጣፋ። በአጠገቤ ሲያልፍ አላየኝም። ጉሙ በሁለት እርምጃ ዋጠው።

ልከተለው ስነሣ ጋሽ አንጁሎ እጄን ያዘኝ። ተወው፣ ሰው ብቻውን የሚሄድበት ጊዜ አለው አለኝ። ተቀመጥኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ የቅዳሴ ደወል ሲሰማ እዚያ ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ። ቅዳሴ ወጣ፤ ሰዎች በጉሙ ውስጥ እያወሩ አለፉ፤ አባባ የለም። እትዬ አማረች ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ አላየሁትም ብላ በጋሞኛ ለባሏ ነገረችው። ጋሽ አንጁሎ ያኔ ከጉድጓዱ ወጣ። ከግድግዳው ላይ የእንሰት ቃጫ ገመድ አወረደ። ገመድ ለምን እንደሚያስፈልግ አልጠየቅሁትም። ስነሣ ሽቦው እግሬን ጠልፎኝ ተነቀለ፤ መስታወቱ ጠፋ፤ ያላለቀውም ቤት አብሮ ጠፋ። ዞሬም አላየሁት።

እየተጣራን ወረድን። ጉም ውስጥ ስትጣሩ ድምፃችሁ ሩቅ አይሄድም፤ ፊታችሁ ላይ ይመለሳል። አንድ እርምጃ ወደፊት የቀርከሃ ግንድ ይሁን የቆመ ሰው አይለይም። ሦስት ጊዜ ቀርከሃውን «አባባ» ብዬዋለሁ። በውስጤ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር፤ አንድ ቀን ብቆይ ኖሮ፣ ቤት ገብተን ብነግረው ኖሮ።

መሬቱ ከተናደበት ጫፍ ስንደርስ፣ ከታች፣ ቅርብ፣ የረጋ ድምፅ መጣ።

«አትምጪ። መሬቱ ይሄዳል።»

አባባ ነበር። መንገዱን ሊያይ ወርዶ፣ የቆመበት ጠርዝ አብሮት ተንሸራቶ፣ ሁለት ሰው ቁመት ያህል ዝቅ ብሎ አንድ ሥር ላይ ቆሟል። አንዱ ጫማው የለም። በተንቀሳቀሰ ቁጥር አፈሩ ከእግሩ ሥር እየሾለከ ይወርዳል። ስንት ሰዓት እንደዚያ ቆሞ እንደነበር እንጃ። ለምን አልተጣራህም ብዬ ኋላ ስጠይቀው፣ ብጣራ ሮጠሽ የምትመጪው አንቺ ስለሆንሽ ነው አለኝ።

ጋሽ አንጁሎ ገመዱን በቀርከሃ ግንድ ዙሪያ አዞረና ጫፉን ወረወረ። አባባ በወገቡ አሠረ። እኔና ጋሽ አንጁሎ ጎተትን። ቃጫው መዳፌን ላጠው፤ አልተሰማኝም። ጭቃ የለበሰ ጋቢ፣ ቀጥሎ እጁ፣ ቀጥሎ ፊቱ ወጣ። ከላይ ስናደርሰው በደረቱ ተኝቶ ቆየ። አፈሩ ከኋላው ዝም ብሎ ወረደ፤ ድምፅ እንኳ አልነበረውም።

ቤት ገባን። እትዬ አማረች እግሩን በሞቀ ውኃ አጠበችው፣ የባሏን ደረቅ ጋቢ አለበሰችው። ከቆየ በኋላ አባባ በሩ ሥር መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ስለ ደብዳቤው ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ጣቱን ወደ ጌሟ ቀሰረ።

«ያንን ያነበብሽውን ራሴ ላንብበው» አለ።

ጠፍቷል፣ እንደገና መሄድ አለብን አልኩት። ሂጂ አለኝ። ሽቦውን መለስኩ። ጋሽ አንጁሎ የክር ቋጠሮውን በጣቱ እየዳሰሰ ይነግረኛል፤ እኔ እነዳለሁ፤ አባባ ፍሬ ይቆጥራል። ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ነው፤ አንድም አልሳተም። ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጀ። በሩ ወጣ፤ ሙዚቃው ቆመ፤ ጣሪያ የሌለው ቤት ብቅ አለ። አባባ መነጽሩን ጠርጎ፣ መስታወቷን ከዓይኑ አስጠግቶ፣ እንግሊዝኛውን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ሲጨርስ እንደገና አነበበው።

«ብቻሽን ነበርሽ?» አለኝ፤ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳያነሣ።

«ብቻዬን።»

«እነዚህ እንኳ ሦስት ነበሩ።»

አለቀስኩ፤ ከሰኔ ጀምሮ የተጠራቀመውን ሁሉ። አባባ አላባበለኝም፤ እጁን ጀርባዬ ላይ አሳረፈና ጉሙን ሲያይ ቆየ። ጋሽ አንጁሎ ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ መወርወሪያውን አነሣ።

በማግሥቱ መንገዱ ተጠርጎ ወረድን። ከጉሙ ስንወጣ የጫሞ ሐይቅ ከታች ሰማያዊ ሆኖ ታየ። ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኔ ያረፈበት ቀለም አረንጓዴና ግራጫ ብቻ ስለነበር፣ ሰማያዊው የተሳሳተ ቦታ የገባ መሰለኝ።

ነገሩ በአንድ ቀን አልተስተካከለም። አባባ ለሳምንታት ሰው ፊት መቆም ከብዶት ነበር፤ እንደ ልማዱ «ልጄ» ይልና ቀጣዩ ቃል ያጥረዋል። መስከረም ላይ አብረን አዲስ አበባ ሄድን፤ እንዲመልሱኝ ጠይቆ አልሆነም። ጌሟን ለጓደኛዬ በእጇ ሰጠኋት፤ ሆዷ ላይ የሽቦ ጭረት ስላለ ይቅርታ ጠየቅኋት። አርባ ምንጭ ተመልሼ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን ሰው ጋ ሥራ ለመድኩ፤ ኋላም ኮምፒውተር መጣ፣ ማሠልጠኛ ገባሁ። በሁለተኛው ዙር ትምህርት የከበደኝን ነገር «አልገባኝም» ብዬ እጄን አወጣ ነበር። መጀመሪያውኑ ይህን ባደርግ ኖሮ ላልወድቅ እችል ነበር፤ ግን ያኔ ኢንጂነር ነበርኩ፤ ኢንጂነር አልገባኝም አይልም።

ዛሬ ሥራዬ ሌሎች የሠሩትን ፕሮግራም ከሕዝብ እጅ ከመድረሱ በፊት መፈተሽ ነው። ማንም የማይነካውን ቁልፍ በማይነካበት ሰዓት እነካለሁ። ስሕተት ሳገኝ የማየው ጋሽ አንጁሎ እንዳሳየኝ ነው፤ «ተበላሸ» ብዬ አልተውም፤ ይህ ቁራጭ ከየት መጣ፣ ቦታው የት ነበር እላለሁ። እሱ አርፏል፤ ነፍሱን ይማር። አባባ አለ፤ ጡረታ ወጥቶ አርባ ምንጭ አጠገብ ጫኖ ላይ ማንጎ ይኮተኩታል፤ ሲደውልልኝ ስለ ማንጎው ነው የሚያወራኝ። በእውነት ለመናገር ይህ ደስ ይለኛል።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ታሪክ ምን ውሰዱ እንደምላችሁ ብዙ አስቤያለሁ። ሰው የወደቀበትን ነገር ግድግዳ ሠርቶ ይሸፍነዋል፤ ይህ የሁላችንም ነው። እኔን የገረመኝ እነዚያ ሦስት የማላውቃቸው ሰዎች ሸፍነው ሲያበቁ ከውስጥ ጽፈው መሄዳቸው ነው። አንድ ሰው እንኳ ቢደርስ ውሸት እንዳያገኝ።

ባለፈው ወር አንዲት ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ጠዋት መጥታ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ማንም ሳያውቅባት በፊት፣ በራሷ አፍ፣ ትናንት የሰጠሁሽ ሥራ ስሕተት አለበት፣ እያወቅሁ ነው የሸፈንኩት አለችኝ። ልገሥጻት ይገባ ነበር፤ የሥራው ደንብ እንደዚያ ነው። ተነሥቼ ከጥግ ያለውን ወንበር ሳብኩና ከጎኔ አስቀመጥኩላት። ከዚያ ሥራዋን አብረን ከፈትነው።